ክኒንና ረዳቱ

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም የልጄ ልጅ፣ ኢናስዬ፣

ሙቀቱ ሳይበረታ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ እኔ አያትሽ ሁሪያ ነኝ። ሰላምታዬ በዚህ መንገድ ላይ ያለውን ከባድ መኪና ሁሉ ቀድሞ ሰመራ ይግባልሽ። እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ አለ። ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፣ ጆሮዬ ስልክ አይሰማም። ባለፈው ደውለሽ "ሰመራ ነፋስ ነው" ስትዪኝ እኔ "ነፍስ" ሰምቼ፣ ማን ሞተብን ብዬ ጎረቤቱን አስለቅሼ አልነበር? ወረቀት ይሻለናል። በመሠረተ ትምህርት የተማርኳት ፊደል ቤት ተቀምጣ ከምትዝግ ወጥታ ትሥራ። ደሞ አትሳቂባት፤ የትኛው "ጸ" የት እንደሚገባ ያኔም አልገባኝ፣ ዛሬም አልገባኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሾፌሩ ደጀን ትናንት ጭነቱን ይዞ ሲያልፍ እኔ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ቆመ። "ናስርን ሎጊያ ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት" አለኝ።

"የኢናስዬ ባል ደህና ነው?"

"እሱ ደህና ነው። ኢናስን ግን ወባ ደግሞ ያዛት" አለና ሻዩን እፍ እፍ ይል ጀመር።

ደግሞ! ደግሞ ማለት እኮ ፊትም ነበረ ማለት ነው። እኔ አሳድጌሽ፣ እኔ ጸጉርሽን ጎንጉኜ፣ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ከሾፌር አፍ ልስማ? ስልክሽም ተሰብሮ በናስር ስልክ ነው የምትገኚው አለኝ። እሺ ይሁን። የካቻምናውን አላነሳብሽም። ብቻ ወባና አንቺ እንደማትስማሙ ካቻምና አይተናል።

እኛ ያኔ ወባም አንለው፣ ንዳድ ነበር የምንለው። ዛሬ ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም የሚዋጠው ሁሉ ክኒን ይባላል። ያኔ ክኒን አንድ ነው፣ ያ የንዳዱ፣ ያ መራራው። ልጅ ሲያስቸግር "ዋ! ክኒን ነው የማስውጥህ" ይባል ነበር፤ ወዲያው ጭጭ ይላል። አያትሽ መሀመድአሚን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በኤንትሬ የጭነት መኪናው ከመልካ ወረር ጥጥ ሲያመላልስ ንዳድ ይዞት ይመጣል። ክኒኑን ይውጣል፣ ይነሳል፣ መሪውን ይይዛል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጥርሱ ሲንገጫገጭ ከጓዳ ይሰማኛል። በኋላ የእርሻው ክሊኒክ ሐኪም መራራውን ከካፕሱል ጋር አድርጎ ሰጠው።

"ካፕሱል ለቁስል አይደል እንዴ?" አለው መሀመድአሚን። እውነቱን ነው፤ እኛ ካፕሱል ከፍተን ዱቄቱን ቁስል ላይ ነበር የምንነሰንሰው።

ሐኪሙም ሾፌር መሆኑን አይቶ፣ "ክኒኑ ሾፌሩ ነው፣ ካፕሱሉ ረዳቱ። አንተ ያለ ረዳት ጭነህ ታውቃለህ?" አለው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የዚያ ካፕሱል ስም ረዳት ሆኖ ቀረ። ንዳዱም አልተመለሰበት።

እና ምን አደረግኩ መሰለሽ፣ ወደ ደስታው ሄድኩ። ደስታው የአያትሽ ረዳት፣ ጋቢና ውስጥ አቅፎ ያስተኛሽ የነበረው፤ አሁን ጎሚስታ ከፍቶ ጎማ ይለጥፋል። አምና ወባ ይዞት ረዳት ታዞለት ነበር፣ ሳይጨርስ የተረፈው ሣጥን ውስጥ አለ። "አምጣ" አልኩት።

"እትዬ ሁሪያ፣ መድኃኒት እንደ መኪና ክሪክ የሚዋዋሱት ነገር አይደለም" አለኝ።

"አንተ ጎማህን ለጥፍ!" ብዬ ተቀበልኩት። በላስቲክ ጠቅልዬ በደጀን ልኬልሻለሁ። መራራውን እነሱ ይስጡሽ፣ ረዳቱን ከኔ ውሰጂ። መልስ ጻፊ፣ ያለዚያ ደጀንን ሻይ እነፍገዋለሁ።

አላህ ይማርሽ። የምትወድሽ አያትሽ ሁሪያ

◆

ሰመራ፣ መስከረም 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወአለይኩም አሰላም ክብርት አያቴ፣ እምዬ ሁሪያ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ናስርም እጅ ይነሳዎታል፤ ሎጊያ ሥራ በዝቶበት የሚመጣው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው።

ደብዳቤዎም የላኩት ካፕሱልም ደርሶኛል። የደበቅኩዎ እንዳያስቡ ብዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። በነሐሴ ያዘኝ፣ የተለመደውን መድኃኒት ወሰድኩ፣ ዳንኩ ስል ተመለሰ። አሁን ሐኪሙ ብዙ ብዙ ነገር ጠይቆኝ የእርስዎን መራራ ክኒን ከካፕሱል ጋር አዘዘልኝ። ክሊንዳማይሲን ይባላል። የሳምንት ነው፣ ጀምሬዋለሁ። ስለዚህ እኔም እንደ አባባ ሾፌርም ረዳትም አግኝቻለሁ።

ትኩሳቱ ዛሬ ለቆኛል። ክኒኑ ግን ጆሮዬ ውስጥ ባቡር ያስፏጫል፤ ናስር ሲያናግረኝ አፉ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። ካፕሱሉ ደግሞ ሆዴን በጣም አወከው። የእርስዎ ረዳት ከሐኪሙ ረዳት ይሻለኝ ይሆን እያልኩ ነው። ወይም ትኩሳቱ ከለቀቀ ለምን ረዳት ያስፈልገኛል?

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ደጀን ሲመለስ የሮቃ ፍሬ ይላኩልኝ። ከገበያው ሳይሆን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ዛፍ፣ ልጅ ሳለሁ በቀሚሴ የምለቅመውን፣ ያንን ፊት የሚያጨማድደውን። እዚህ የሚሸጠው ይጣፍጣል። እኔ የምፈልገው የሚጎመዝዘውን ነው። አፌ ሌላ ነገር እምቢ ብሏል።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ኢናስ

◆

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ መስከረም 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ኢናስዬ፣ የሆዴ፣

ሰላምታው ይቆየን፤ አሰላሙ አለይኩም ብቻ። ደጀን ደብዳቤሽን ጥሎልኝ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። እስኪመለስ ይሄ ወረቀት ትራሴ ሥር ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ አጣዳፊውን በስልክ አስነግሬሻለሁ። አሁን ነገሩን ከነአመጣጡ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ሠርካዲስ ጋ። ያቺ ነጭ ጋውን የማያምርባት ልጅ፣ ደግ ናት እንጂ። "አንብቢልኝ፣ ይቺ ሐኪም ቤት የሰጣት ረዳት ምንድን ናት?" አልኳት። አነበበች።

"እማማ፣ እርስዎ የላኩላት ደግሞ የቱን ነው?"

የደስታውን ካፕሱል ባዶ ማሸጊያ ይዤ ነበር፣ ሰጠኋት። አገላበጠችው።

"ይሄ ዶክሲሳይክሊን ነው። ይሄም ያኛውም ከክኒን ጋር ለወባ ይሰጣል። ይሄኛው ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም።"

"ለማን ነው የማይሆነው?"

"ለሕፃን። ጥርስ ያበላሻል፣ ሲወጣ ቢጫ ይሆናል።"

"ኢናስ ቤት ሕፃን የለም።"

ዝም አለች። እኔ ደሞ ዝም ሲሉኝ ነው የምሰማው። "ገና ጥርስ ያላወጣስ?" አልኳት።

"ገና ያላወጣም።"

"ገና ያልተወለደስ?"

ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ያልተዛነፈውን ብልቃጥ ሁሉ ታስተካክል ጀመር። "እማማ፣ እኔ ምንም አላልኩም" አለችኝ። እኔም ምንም አላልኩም። ሮቃው ትዝ አለኝ። እናትሽ አንቺን በሆዷ ስትይዝ፣ አላህ ጀነት ያግባትና፣ ያንን ዛፍ ልታደርቀው ነበር።

ምንም አልጠይቅሽም። ሮቃውን ራሴ ቆሜ አስለቅሜልሻለሁ፣ በላስቲክ አድርጌዋለሁ። አልጠየቅኩሽም።

ከዚያ ሠርካዲስን "ደውዪ" አልኳት። ያለው የናስር ስልክ ነው። ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ሲቀጠቅጥ ለኔ ለደንቆሮዋ ሳይቀር ይሰማኛል። "ከአዋሽ የመጣውን ካፕሱል ትተው፣ የሐኪሙን ክኒንም ካፕሱልም ትጨርስ በላት" አለችው። "እሺ፣ እሺ" አለ። ሌላውን ነገር ለሱ እንዳትናገሪ ብዬ ክንዷን ቆንጥጬ ይዣት ነበር። የሚነገረው በሰው አፍ ሳይሆን ባንቺ አፍ ነው።

ሠርካዲስን ረዳቱ ምን እንደሚሠራም አስነገርኳት። ክኒኑ ቶሎ ደርሶ ወባውን ይመታል፣ ትኩሳቱን ይጥላል። ካፕሱሉ ቀርፋፋ ነው፣ ብቻውን ቢላክ ይዘገያል። ግን ከክኒኑ ያመለጠው ወባ እንዳይራባ ዘሩን ያመክነዋል አለችኝ። ስለዚህ ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብለሽ እንዳትተዪው። የኔን ግን ወደ ጉድጓድ ጣዪው። ደስታው የነገረኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ! ለሱ ግን ይሄን አልነግረውም፣ ሲኮራብኝ ሊኖር።

ጆሮዬ ውስጥ ባቡር አለ ላልሽው፣ ያ የክኒን ባቡር ነው፣ ከክኒኑ ጋር ይሄዳል። እኔም አውቀዋለሁ። ያኔ እውነተኛው ባቡር ሲመጣ ከተማው በሙሉ ይነቃ ነበር። እኔ ቅቅል እንቁላልና ሐብሐብ መሳዩን ከርቡሽ በሳፋ ይዤ መስኮት ለመስኮት ስሮጥ፣ ከድሬዳዋ የመጡ ሴቶች ሽቷቸው ከነሱ ቀድሞ ይወርድ ነበር። አያትሽ ያየኝ እዚያ ነው። ከርቡሽ ገዛ፣ ገዛ፣ ባቡሩ ጥሎት ሄደ። "አመለጠህ እኮ!" ስለው "እኔ መቼ ተሳፋሪ ነኝ፣ ሾፌር ነኝ፣ መኪናዬ እዚያ ቆማለች" አይለኝም! ዛሬ ሐዲዱ ላይ ፍየል ይተኛል። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጥቶ በሩቁ ያልፋል፣ ማንንም አያውቅም።

ካፕሱሌን ነክተሽው እንደሆነ እውነቱን ጻፊልኝ። አልቆጣም። እሺ እቆጣለሁ፣ ግን ጻፊልኝ።

አያትሽ ሁሪያ

◆

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ኢናስ፣

ደጀን ወርዶ፣ ደጀን ተመልሶ፣ ደጀን እጁን አወናጭፎ "ወረቀቱን ለናስር ሰጥቻለሁ፣ መልስ አልተሰጠኝም" አለኝ። ሠርካዲስ ትደውላለች፣ ናስር "ደህና ናት" ይላታል። ደህና ናት ምን ማለት ነው? ኤንትሬው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እያለም መሀመድአሚን ደህና ነን ይል ነበር።

ትናንት ቤቱን ስጠርግ የድሮውን በር አየሁት፣ ያንን የወባ ሰዎች በቀለም የጻፉበትን። ትዝ ይልሻል? እነዚያ መርጫቸውን ተሸክመው ሲመጡ አልጋውም ሣጥኑም ደጅ ይወጣል። አንቺ ደጅ የወጣው አልጋ ላይ ቁጭ ብለሽ "ዛሬ ቤታችን ውጭ ነው" ብለሽ ትዘፍኛለሽ። ግድግዳው ነጭ በነጭ ሆኖ ሲደርቅ በጣትሽ መኪና ትሥዪበታለሽ። የአያትሽን መኪና ጡሩምባ ስትሰሚ ያ የኛ ነው ብለሽ የምትሮጪው አንቺ ነበርሽ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ዛሬ መኪናው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው።

ምንም ቢሆን፣ መጥፎም ቢሆን፣ ጻፊልኝ። መጥፎውን ችዬ አውቃለሁ። ዝምታውን ግን አልችልም። ደብዳቤሽ የለም እንጂ ሮቃውስ ደረሰሽ?

ሁሪያ

◆

ሰመራ፣ ጥቅምት 10

እምዬ፣

እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰላምታውን ከላይ ጽፌዋለሁ ብለሽ ቁጠሪልኝ።

ተመለሰብኝ። ያን ስልክ ያስደወልሽ ቀን ናስር ከጋራዥ መጥቶ "እምዬ ካፕሱሉን ተዪ፣ ክኒኑን ጨርሺ ብላለች" አለኝ። የቱን ካፕሱል? አልኩት። "እኔ እንጃ፣ ካፕሱል ነው ያለችው፣ መዶሻው እየጮኸብኝ ነበር" አለ። እኔም ሆዴን ያወከኝን ለመተው ሰበብ ስፈልግ ነበር። አንቺ ካልሽ ብዬ ያንቺንም የሐኪሙንም ተውኩ። መራራውን ክኒን ብቻ ጨረስኩ። ያንቺን ግን ከዚያ በፊት አንዱን ውጬው ነበር እምዬ። አንዱን ብቻ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ረፍዷል። "ገና ያልተወለደስ" ያልሽበትን ቦታ አንብቤ ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። አዎ። ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ለናስር አልነገርኩትም። ካቻምና ገና ሆዴ ሳይታይ ትንሽ ጫማ ገዝቶ መጣ፣ ከዚያ ወባው መጣ፣ ከዚያ ያው ሆነ። ጫማው አሁንም ቁምሳጥኑ ላይ ነው፤ ሁለታችንም ወደዚያ አናይም።

የምጽፍልሽ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ከመጀመሪያ አስጀመረኝ። ልጁ አለ፣ ልቡ ይመታል ብሎኛል። ለሱ ስል መዋጥ አለብኝ፣ ግን ደከመኝ። ነገ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ያንን ካፕሱል እንደገና እንደማልጥለው አላውቅም።

አንቺ ብትኖሪ ታስውጪኝ ነበር፣ አፍንጫዬን ይዘሽ።

ኢናስ

◆

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ኢናስዬ፣ ሕይወቴ፣

አላህ በሰፊው እጁ ያቅፋችሁ፣ አንቺንም ያንንም።

ደብዳቤሽን ደጀን ሲሰጠኝ መኪናውን እንኳ አላጠፋም ነበር። አንብቤ ልሄድ ተነሳሁ፣ ወላሂ፣ ነጠላዬን አድርጌ። ደጀን በዚህ ዙር እዚሁ አራግፎ ወደ ሰመራ ስለሚመለስ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። አንዷን ደረጃ ያዝኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ደስታው ከኋላ ገፋኝ፣ ደጀን ከላይ ጎተተኝ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሲስቅብን ተውነው። አሮጊት እንደ ጆንያ አይጫንም። ስለዚህ አፍንጫሽን በወረቀት ነው የምይዝሽ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

አራት ዓመትሽ ነበር። ከመልካ ወረር ጥጥ ጭነን ወደ አዋሽ ስንመለስ አንቺ ጭኔ ላይ ተኝተሽ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ፈላ። መሀመድአሚን ፍሬኑን ያዘ፣ የእጁንም ሳበ፣ ኤንትሬው ቀጥ አለ። "ደስታው፣ ታኮ!" አለ። ደስታው ጥጡ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ከርቡሽ ይበላል። "ቆመ እኮ!" ብሎ መለሰ ከላይ። እውነቱን ነው፣ ቆሟል። ነፋስ የለ፣ ኮሽታ የለ። ሾፌሩም ውኃ ሊቀዳ ወረደ። እኔ በመስኮት ሳይ ዛፉ ወደ ፊት ይሄዳል። ዛፍ ደሞ መቼ ሄዶ ያውቃል ብዬ ሳስብ ለካ እኛ ነን ወደ ኋላ የምንሄደው፣ በቀስታ፣ ሳይሰማ። ጮህኩ። ደስታው ከነከርቡሹ ዘሎ ታኮውን ጎማው ሥር ሸጎጠ፣ አውራ ጣቱንም አብሮ። ጣቱ እስከ ዛሬ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነው። አንቺ እንቅልፍሽን አልጨረስሽም ነበር።

ፍሬኑ አልሰነፈም፣ ሥራውን ሠርቷል፣ አቁሟል። የቆመው እንደቆመ እንዲቀር ግን ታኮ ይፈልጋል። ያ ካፕሱል ታኮ ነው ልጄ። ትኩሳቱ ቆመ ብለሽ ረዳቱን ጥጥ ላይ አታስተኚው።

ይሄን ስጽፍ ደስታው ቆሞ ያያል። "ታኮውን ላክላት" አልኩት። አሁንም አለው እኮ፣ ያ እንጨቱ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረው፤ የሱቁን በር ያስይዝበታል። "ምን ያደርግላታል?" አለኝ። "መድኃኒቷን ትደገፍበት" አልኩት። አጉረመረመ፣ በቤንዚን አጠበው፣ እንደገና በሳሙና አጠበው፣ በጋዜጣ ጠቀለለው። ደጀን ይዞልሻል። ከአልጋሽ አጠገብ አድርጊው። ክኒኑንና ካፕሱሉን እላዩ ላይ አስቀምጪ። ካፕሱሉን ባዶ ሆድ አትዋጪው፣ ብዙ ውኃ ጠጪበት ብላለች ሠርካዲስ። ሆድሽ በጣም ከባሰ ግን ለሐኪሙ ንገሪ እንጂ በራስሽ አትጣዪ፤ በኔም አትጣዪ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም አይደለሁም።

ያቺን አንዷን ካፕሱል ሐኪሙ ይወቃት። ሠርካዲስ "አንድ ምንም አታደርግም እማማ" ብላኛለች፣ ሦስት ጊዜ ጠይቄያት ሦስቴም እንደዚሁ። እኔ ግን እስካየው አላምንም።

ለናስርም ንገሪው። ጫማው ብቻውን ከሚያያችሁ አብራችሁ እዩት።

ደሞ አንድ ነገር፦ "አንቺ" አልሽኝ። ትምህርት ቤት ገብተሽ አንቱታ ተምረሽ ከመጣሽ ወዲህ አንድ ቀን አንቺ ብለሽኝ አታውቂም። እኔ እኮ በትልቅ ሰው ስም ስትጠሪኝ ጎረቤት የጠራኝ ይመስለኝ ነበር። ደስ አለኝ፣ በንዳድም ቢሆን።

ሁሪያሽ

◆

ሰመራ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ክብርት አያቴ እምዬ ሁሪያ፣ አሰላሙ አለይኩም፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ አልሀምዱሊላህ ቤቴ ገብቻለሁ። ታኮውን ያየች ነርስ "ይሄ ምንድን ነው፣ ከጋራዥ ነው የመጣሽው?" ብላ ልትጥለው ነበር፣ ተጣላኋት። መድኃኒቶቼን እላዩ ላይ ደረደርኩ። ትኩሳቱ የለቀቀኝ ቀን ካፕሱሉን አንስቼ ወደ መስኮቱ አየሁ። ከዚያ ዛፉ ወደ ፊት ሲሄድ ታየኝና ዋጥኩት። እስከ መጨረሻው ዋጥኩት እምዬ። ደሜ ንጹሕ ነው አሉኝ። ልጁም ደህና ነው። ስለዚያች አንዷም ለሐኪሙ ነገርኩት፤ አታስቢ አለኝ።

ለናስር ነገርኩት። "ሮቃ በከረጢት ስትጨርሺ እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው?" አለኝ። አውቆ ነበር፤ ፈርቶ ነው ዝም ያለኝ። ለሁለት አንድ ነገር ስንደባበቅ ከረምን። ስልኩን በደንብ አልሰማሁም ብሎ ግን አለቀሰ። ጫማውን አውርዶ አቧራውን ጠረገው፣ መልሶ ሰቀለው።

"አንቺ" ስላልኩዎ ደስ አለኝ ብለዋል። እጄ ግን ደህና ሲሆን አልታዘዝ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ኢናስ

◆

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም የሴት ልጅ እናት፣

አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ! ሠርካዲስ ስልኩን ይዛ ከፋርማሲ እየሮጠች መጣች፣ ጋውኗ እንኳ ያን ቀን አማረባት። ሴት፣ ጤነኛ፣ የምትጮህ። ጩኸቷን ጆሮዬ ላይ አስጠጉልኝ። ወላሂ ሰማሁት! ያንቺን ድምፅ የማይሰማ ጆሮ የሷን ሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው የምትጮኸው፤ ደስታውን ጠይቂው፣ እሱም ሰምቷል።

ሉላ ብላችሁ አወጣችሁላት አሉኝ። ሉል ማለት ነው፣ አምሯል። እኔ ግን ታኮዬ ነው የምላት፣ አንቺ ብትወጂም ባትወጂም። የቆመው ንዳድ ቆሞ እንዲቀር ያደረገች እሷ ናት።

አያትሽ በኖረ። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን እያንጓጓ፣ ጡሩምባውን ከድልድዩ ጀምሮ እየነፋ ይመጣ ነበር። ዛሬ ሐዲዱ ጋ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ያ የከርቡሽ ቦታዬ ላይ አሁን የስልክ ካርድ የሚሸጥ ልጅ ጃንጥላ ዘርግቷል። "የልጄ ልጅ ወለደች" አልኩት። "እንኳን ደስ ያለሽ እማማ፣ ካርድ ልስጥሽ?" አለኝ። ድሮ ቢሆን ባቡሩ በሙሉ እልል ይልልኝ ነበር።

ጡት አጥቢያት፣ በአጎበር አስተኚያት፣ ያ የሰመራ ነፋስ አይምታት። ከናንተ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ የመጀመሪያ ጥርሷ ሲወጣ፣ ቀለሙን ጻፊልኝ። ሐኪሙም ሠርካዲስም አታስቢ ይሉኛል። ማሰብ ግን በትዕዛዝ አይቆምም። እኔ ነኝ በላስቲክ ጠቅልዬ የላክሁት። ሌላው ሁሉ ይቆየኝ፣ ቀለሙን ብቻ።

ሁሪያ

◆

ሰመራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

እምዬ፣

ትኩሳት የለብኝም። እጄ አይንቀጠቀጥም። ፊት ለፊቴ ብርሃን ነው፣ ቁርሴን በልቻለሁ። ይሄን አስቀድሜ የጻፍኩት በንዳድ ነው እንዳትዪኝ ነው።

ዛሬ ሉላ እየዳኸች የደስታውን ታኮ አገኘችው። ሁለት እጇን ጭናበት ልትነክሰው ስትታገል ደረስኩ። ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ ሳላቅቃት ነከሰችኝ። ጮህኩ። ናስር ከውጭ ሮጦ መጣ። ወደ በሩ ወስደን፣ ከንፈሯን ገልጠን፣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን።

አንድ ናት። ከታች። ነጭ ናት እምዬ። እንደ ስሟ ነጭ።

ደጀን ሐሙስ ይመለሳል። ለጋቢናው መውጫ የሚሆን ደረጃ ናስር ራሱ በየዶ ሠርቶለታል፣ ባለ መያዣ፣ ላንቺ ጉልበት ተለክቶ። መጥተሽ እዪያት። አንቺ ነሽ የምታዪያት እንጂ እኔ ብጽፍልሽ አታምኚም።

ልጅሽ ኢናስ